ሶፋው የኔ አይደለም

«ቸግሮኛል» የምትለዋን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ያወጣኋት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ፣ ቆጥ ላይ ተሰቅዬ፣ መሰላሉ ተወስዶብኝ ነው። ሳቁ፣ አልቀየማችሁም። እኔም አሁን ሳወራው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን እኔ የሰማሁትን የሰማ ሰው የሚስቅ አይመስለኝም።

ብርቅነሽ እባላለሁ፤ ሰፈሩ ብርቄ ነው የሚለኝ። መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት አለችኝ። ከላይ በሳንቃ የተሠራ ቆጥ አላት፤ ባለቤቴ በሕይወት እያለ ዕቃ ማስቀመጫ ብሎ የሠራው ነው። እሱ ቀድሞኝ ሄደ። ልጅ እግዜር አልሰጠኝም፣ አኩርፌውም አላውቅም። ሸማ ተራ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ፣ የጋቢና የነጠላ ጠርዝ ስቀመቅም፣ ቀሚስ ስሰፋ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ምላሴ ከመርፌዬ የባሰች ነበረች። ዋጋ ሊያስቀንስ የሚከራከረኝን ደንበኛ አስቄ፣ አሳፍሬ፣ አስከፍዬ ነው የምሸኘው።

እጄን ለሰው ዘርግቼ አላውቅም። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። ስራብም ስታረዝም በዚያው ቃል ኖርኩ። ጎረቤት «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ!» ነው መልሴ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ነገር ይጎድለኝ ነበር።

ከዚያ ወደቅሁ። በበዓል ሰሞን ነው። ሸማ ተራ ሰው በሰው ላይ ሲሄድ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጋቢ ላወርድ በርጩማ ላይ ወጣሁ፤ በርጩማው ከዳኝ። ሰዎች አፋፍሰው ወጌሻ ቤት ወሰዱኝ። ወጌሻው አሸኝ፣ ጎተተኝ፣ «ወለምታ ነው፣ ትንሽ ቀን ተኝተሽ ትነሺያለሽ» አለኝ። ተኛሁ። አልተነሳሁም። በመጨረሻ የመንግሥት ሆስፒታል ስወሰድ ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ አየና «እናቴ፣ ዳሌዎ ላይ ያለው አጥንት ተሰብሯል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል፣ ብረት ይገባበታል። እንዲህ ከተኙ ግን መቼም አይቆሙም» አለኝ። ቀጥሎ «ጤና መድህን አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሠራ በየዓመቱ እከፍል ነበር፤ አልጋ ከያዝኩ ወዲህ ግን ማን ይክፈል? የስፌት መኪናዬ ተሸጣ ለወጌሻና ለሆዴ ሆናለች። ወደ ቤቴ መልሰው አስተኙኝ።

ከዚያ በኋላ ያኖረችኝ እትዬ አስካለ ናት። ጎረቤቴ ናት፣ የእድራችንም ሰብሳቢ ናት። ታጥበኛለች፣ ታጎርሰኛለች፣ ፖፖዬን ትደፋለች። ከእናቴ ቀጥሎ ለማንም ያልሰጠሁትን ቦታ ሰጥቻታለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሠራሁባትን ስትሰሙ እንዲገባችሁ ነው።

አንድ ቀን የብሎካችን ተወካይ መጥቶ ለሴፍቲኔት እንደመዘገበኝ ነገረኝ። ነገሩን ለማታውቁት እንዲህ ነው። ከተማው ችግረኛ ብሎ ከሚደግፈው ሰው ጉልበት ያለው መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይኮተኩታል፣ በሥራው ይከፈለዋል። እንደ እኔ የወደቀ ሰው ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ይደገፋል፣ የጤና መድህኑንም መንግሥት ይከፍልለታል። ደሃው ማን እንደሆነ የሚለየው ግን ቢሮ ተቀምጦ አይደለም። መጀመሪያ ከነዋሪው የተመረጠ ኮሚቴ ይጠቁማል። ከዚያ ከወረዳ ሰው መጥቶ ቤትህን በዓይኑ ያያል። ከዚያ ደግሞ ስምህ በአደባባይ ይለጠፍና ጎረቤት «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ይላል። ቦታው ትንሽ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ለሌላው ሰው ያ የጤና መድህን ካርድ ወረቀት ነው። ለእኔ እግሬ ነበር። ካርዱ ካለ ቀዶ ሕክምናው አለ፤ ካርዱ ከሌለ እዚያች አልጋ ላይ ሆኜ ጣሪያ እያየሁ መሞት ነው።

ሊያዩኝ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር እትዬ አስካለ ገብታ ራስጌዬ ቆመች።

«አንቺ ብርቄ፣ ነገ ከወረዳ ይመጣሉ አሉ።»

«ይምጡ፣ እኔ የት እሄዳለሁ?»

«እንዲህ ሆነሽ? አልጋሽ ቤቱን ሞልቶት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት እንኳን ሳይኖር?»

«እንግዶች አይደሉም እኮ እትዬ። ችግሬን ነው የሚያዩት።»

«ችግር ይታያል እንዴ? ችግር ይሸፈናል እንጂ!» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ስሚኝ። ሰው የላትም ካሉ አንስተው ጧሪ የሌለው የሚሰበሰብበት ማዕከል ነው የሚያስገቡሽ። ቤቷም ለሌላ ይሰጣል። እኔ ሰምቻለሁ። ሰው እንዳለሽ ማየት አለባቸው። የእኛ እድር አባል እንዲህ ወድቃ ቢያዩስ ምን ይላሉ? ‹አስካለ የምታውቀው ሬሳ ብቻ ነው› አይሉም?»

ማዕከል የምትለዋ ቃል አስደነገጠችኝ። ከዚህ ግቢ ተነቅዬ የማላውቃቸው ሰዎች መሃል መተኛት ታየኝ። «እንዳሉ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ ሠርግ ቤት መሰለ። የፕላስቲክ ዕቃ በጅምላ የሚሸጠው ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ «ሶፋ ከእኔ ነው። ወላሂ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተነሳለትም!» ብሎ ከመጋዘኑ አስመጣ። እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኗን ነቅላ አመጣች። ከጎን ቤት ምንጣፍ መጣ፣ መጋረጃ መጣ፣ ፔርሙስና ብስኩት መጣ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያያል። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ «ብርቄ ልታገባ ነው እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

ሶፋው ግን ከአልጋዬ ጋር አንድ ላይ አልገባም አለ። ተለካ፣ ዞረ፣ ተገለበጠ። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ወገቧን ይዛ ቀና ብላ ቆጡን አየችው።

«እዚያ ትውጣ። ንጹሕ አንሶላ እናነጥፍላታለን፣ ‹ላይ አረፍ ብላለች› እንላለን። ያምርባታል እንዲያውም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዕቃ አይደለሁም» አልኩ። እየሳቅኩ ነበር ያልኩት፤ እሷም እየሳቀች አለፈችው።

የጋሽ ሸምሱ ሁለት ተሸካሚዎች በብርድ ልብስ ጠቅልለው አነሱኝ። መርካቶ ውስጥ ስንት ጆንያ በርበሬ ሲሸከሙ ያየሁ ሰው፣ ጆንያው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ገባኝ። መሰላሉ ላይ ስንወጣ እግሬ ተንጠለጠለና ዓይኔ ጨለመብኝ። ጥርሴን ነከስኩ። አስተኝተውኝ ወረዱ። የአልጋዬ ብረት ተፈታቶ ወደ ውጭ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁ። ቀጥሎ ጋሽ ሸምሱ «ይቺ መሰላልስ? ሶፋው እዚህ ጋ ነው የሚያርፈው፣ አውጧት» አለ።

አወጧት። ጭራሽ አንደኛው ተሸካሚ «ጋሼ፣ መጋዘን ዕቃ ላውርድባት» ብሎ ይዟት ሄደ።

ጠዋት ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች ጠዋት አልመጡም። ጋሽ ሸምሱ ወደ ሱቁ ሄደ፣ ሴቶቹ ወደየሥራቸው ተበተኑ፣ እትዬ አስካለ ገባ ወጣ ትላለች። እኔ ከቆርቆሮው በታች ተዘርግቻለሁ። ቀና ልበል ብል ግንባሬ ከማገሩ ይጋጫል። ልዙር ብል እግሬ አይዞርም። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ይወርዳል። የድሮ የጥጥ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ሳል ይተናነቀኛል። ፖፖዬን እንግዳ እንዳያየው ደብቀውታል፤ ስለዚህ የተቀመጠልኝን ውኃ አልጠጣሁም። በሁለት ሳንቃዎች መሃል ባለች ስንጥቅ ወደ ታች አየሁ። እውነቴን ነው፣ ቤቱ ያምራል። ሶፋው ላስቲኩ ያብረቀርቃል። እዚያ ቤት የምትኖረዋን ሴት ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። የመስጊዱን አዛን ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየሁ። ፈርቻለሁ። እሳት ቢነሳስ? መርካቶ ነው፣ እሳት እንግዳ አይደለም። ማን ያወርደኛል? ልጣራ እልና «እንግዶቹ ደርሰው ቢሆንስ?» ብዬ አፌን እይዛለሁ።

በመጨረሻ በሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ። «ደህና ዋላችሁ፣ ቤቶች?» የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

በስንጥቋ አየሁ። አንዲት ልጅ ቦርሳ አንግታ ገባች። ከኋላዋ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ተከትለዋል፤ ከሌላ ብሎክ የመጡ የኮሚቴ አባል መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት። እትዬ አስካለ «ግቡ፣ ግቡ! እዚህ አረፍ በሉ!» እያለች ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ላስቲኩ ተንጫጫ።

«ሰብለ እባላለሁ፣ ከወረዳ ነው» አለች ልጅቱ። «የወይዘሮ ብርቅነሽ ቤት ነው?»

«አዎ፣ የብርቄ ቤት ነው። ሻይ ጠጡ።»

«አንቸገርም። እሳቸው የታሉ? በሽተኛ ናቸው፣ አልጋ ላይ ናቸው ተብሎ ነው የተነገረን።»

እትዬ አስካለ ቀና ስትል በስንጥቋ ዓይኗን አየሁት። ወደ ቆጡ አየች፣ መሰላሉ ወደነበረበት ቦታ አየች። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበች አውቃለሁ። የታመመች ሴት እንደ አሮጌ ዕቃ ላይ ሰቅላችሁ እናንተ ሶፋ ላይ ትቀመጣላችሁ ሊባል ነው። ላውርዳት ብትልም መሰላል የለም።

«ጸበል ሄዳለች» አለች።

እኔ እላይ ሆኜ ዓይኔን ስንጥቋ ላይ ለጠፍኩ።

«ጸበል?» አለች ሰብለ። «መሄድ ቻሉ እንዴ?»

«እንግዲህ... እግዜር ይመስገን፣ ተሽሏታል። ሰው አላት። ደግፈው ወሰዷት።»

«ምን ያንሳቸዋል? ገቢያቸው ከየት ነው?»

«ኧረ ምን ጎደላት! ይኸው እንደምታዪው ነው። እድሩ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ብርቄን የሚያስርብ ሰፈር አይደለም ይሄ።»

ሽማግሌው ዙሪያውን ገረመሙ። ሶፋውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ የሚታየው ይታያል» አሏት ሰብለን። «ሴትዮዋ ድነዋል፣ ቤቱም ደህና ነው። እዚያ ታች ቤት ዓይነ ስውር አባት ከነልጆቻቸው በልመና ነው የሚያድሩት። ቦታውን ለእነሱ እንስጥ።»

ሰብለ «እሺ» አለች። ብዕሯን ስትከፍት አየሁ።

እዚህ ላይ ነው እናንተን የምጠይቃችሁ፤ ምን ታደርጉ ነበር? ከታች ያለችው ያጎረሰችኝ፣ ገላዬን ያጠበችኝ ሴት ናት። አፌን ከከፈትኩ በመንግሥት ሰው ፊት ውሸታም አደርጋታለሁ። ያጎረሰ እጅ መንከስ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? አፌን ከዘጋሁ ደግሞ እግሬ ከዚያ በር አብሯቸው ይወጣል፣ ተመልሶም አይመጣም። አውራ ጣቴን ነከስኩ። «ዝም አይነቅዝም» የምትለው የእናቴ ድምፅ መጣችብኝ። ከሷ ቀጥሎ ደግሞ የሰፈራችን ወጌሻ ራሱ ሁልጊዜ የሚላት መጣች፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። በሽታዬን የሳተው ሰውዬ በዚህች እንኳን አልሳተም።

የሶፋው ላስቲክ ተንጫጫ። ተነሱ።

«አለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ከራሴ ድምፅ ራሴ ደነገጥኩ። ታች ሁሉም ባሉበት ቀሩ።

«ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ብርቅነሽ ነኝ! ጸበል አልሄድኩም! እዚህ ቆጡ ላይ ነኝ! መውረድ አልችልም!»

እትዬ አስካለ ነጠላዋን ወደ አፏ አነሳች። ሰብለ ቀና ብላ አየች፣ መሰላል ፈለገች፣ የለም። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና የሶፋው መደገፊያ ላይ ወጣች። ላስቲኩ ያንሸራትታታል፤ ሽማግሌው ከኋላዋ ያዟት። ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቷ በቆጡ ጠርዝ ላይ ብቅ አለ። ወጣት ናት፣ አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ፊት ለፊት ተያየን። እኔ ተኝቼ፣ እሷ ተንጠላጥላ።

«እናቴ» አለችኝ፣ «ምን ሆነው ነው እዚህ ያሉት?»

ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። ሸማ ተራን የሚያስቅ ምላስ አንዲት ቃል ለማውጣት አቃተው። ዕንባዬ ቀደመኝ።

«ቸግሮኛል» አልኳት። «የኔ ልጅ፣ ቸግሮኛል። ይኸው ነው።»

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እግሬን ነገርኳት፣ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት፣ መኪናዬ መሸጧን ነገርኳት። የምበላው ከእትዬ አስካለ ቤት እንደሆነ፣ እሷ ከሌለች ማንም እንደሌለኝ ነገርኳት።

«ይሄ ዕቃስ?» አለች ሰብለ።

«ሶፋው የኔ አይደለም። ቴሌቪዥኑም፣ ምንጣፉም። ያቺ የለበስኳት አንሶላ እንኳን የኔ አይደለችም።»

ሽማግሌው ከታች ተቆጡ። «ታዲያ ይህ መንግሥትን ማታለል አይደለም እንዴ? ሴትዮ፣ እርስዎ ምን አስበው ነው?» እትዬ አስካለን ነው።

«እሷን አይናገሩብኝ!» አልኩ ከላይ። «ሰው ደሃ ነኝ ለማለት ቤቱን ባዶ አድርጎ ሲያታልል አይተው ይሆናል። ባዶ ቤት ሞልቶ ያታለለ ሰው አይተዋል? ለራሷ ምን ልታገኝበት? ገመናዬን ነው የሸፈነችልኝ። ማዕከል እንዳትወስዱኝ ፈርታ ነው።»

«ማዕከል?» አለች ሰብለ። «ማን ነው የሚወስድዎት እናቴ? ቤትዎ እያለ፣ እርስዎ ሳይፈልጉ ማንም አይወስድዎትም።»

ወደ ታች ሳይ እትዬ አስካለ የለችም። ወጥታለች።

ሰብለ ጥያቄዋን እዚያው ሶፋው ላይ ቆማ ጨረሰች። ስትወርድ «እኔ ያየሁትን ነው የማቀርበው። የሚወስነው ኮሚቴው ነው፣ ነዋሪውም አስተያየት ይሰጥበታል» አለችኝ። ተስፋ አልሰጠችኝም፤ አልነሳችኝምም። መሰላሉ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ጊዜ ተጠበቀ። ሲያወርዱኝ አመሻሽ ላይ ነበር። ከዚያ ዕቃው አንድ በአንድ ወጣ፤ ጠዋት ሲገባ ያየ ሰፈር አሁን ሲወጣ አየ። አልጋዬ ተመልሶ ተገጠመ። እኔና አልጋዬ ባዶ ቤት ውስጥ ቀረን።

እትዬ አስካለ ከዚያ ቀን በኋላ በሬን አላለፈችም። ምግቡን በሌላ ሰው ትልክልኛለች፤ ሳትልክ የዋለችበት ቀን የለም። እሷ ግን አትመጣም። የምትልከውን እየበላሁ ፊቷን ማጣት ከረሃብ ይብሳል። ስንቴ አለቀስኩ።

ስሜ ከተለጠፉት መሃል ሆነ። እንደፈራሁትም ቅሬታ ቀረበብኝ። «ሶፋና ቴሌቪዥን ሲገባላት በዓይናችን አይተናል፣ እሷ ደሃ አይደለችም» ያሉ ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ አይተዋል። ጉዳዩ በነዋሪው ስብሰባ ላይ እንዲታይ ተባለ። እኔ መሄድ አልችልም። ማን ይናገርልኛል እያልኩ ዋልኩ።

ስብሰባው ሲያልቅ ጋሽ ሸምሱ እየተቻኮለ መጣ። ቆሞ ነው የነገረኝ።

«ሁሉም ሶፋ ሶፋ ሲሉ፣ አስካለ ተነሳች። እኔ እንድትናገር አልጠበቅኩም፣ ወላሂ! ‹ሶፋው የሸምሱ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የኔ ነው› አለች። ‹እዚያ ቤት ውስጥ ያለው አንዲት ሴትና አንድ አልጋ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። የብርቄን ገመና የሸፈንኩ መስሎኝ የራሴን ነው የሸፈንኩት። ሰብሳቢ ነኝ እያልኩ አባሌ ስትወድቅ ማንሳት አልቻልኩም፣ ያ እንዳይታይብኝ ነው።› ከዚያ በኋላ ማን ይናገር?»

የጋሽ ሸምሱን እጅ ይዤ ሳምኩት። ታች ቤት ያሉት ዓይነ ስውሩ አባትስ ብዬ ጠየቅኩት። እሳቸውም ገብተዋል አለኝ። ያ ባይሆን ኖሮ ካርዱን በምን ዓይን እንደማየው አላውቅም።

ካርዱ መጣ። ወረፋው ረዘመ፣ ቀኑ ደረሰ፣ ብረቱ ገባልኝ። ዛሬ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ትንሽ አነክሳለሁ፤ ሸማ ተራ ሄጄ የድሮ ጓደኞቼን ሰድቤ እመለሳለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መሃል «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ» እያለ ሆዱ የሚጮህ የለም? እኛ ችግርን መሸፈን ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም አልክደውም፣ ብዙ ክፉ ቀን አሻግሮናል። የድጋፉ አሠራር ግን ጎረቤት አይቶ እንዲመሰክር ነው የሚጠይቀው። የሸሸግከውን ማን ይመስክርልህ? እኔ በእነዚህ በሁለቱ መሃል፣ በቆርቆሮና በሳንቃ መሃል ተጋድሜ ዋልኩ። ከዚያ መጀመሪያ ያወረደኝ ጩኸቴ ነው፤ መሰላሉ የመጨረሻው ነው። ሰውን አክብራችሁ ገመናውን ስትሸፍኑ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት። የተሸፈነው ሰው ከሥር እየታፈነ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ እትዬ አስካለ መጣች። ታርቀናል፣ ገባ ወጣ ትላለች፤ ያን ቀን ግን ገብታ ቆመች፣ አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«አንቺ ብርቄ» አለችኝ።

«አቤት እትዬ።»

«ያን ዕለት... ለልጅቱ ያልሻት።»

«ምኑን?»

ወደ ውጭ አየች። ማንም እንደሌለ አረጋገጠች። ስትመለስ ያቺ ሰፈሩን ሁሉ የምታዝዝ ሴት ዓይኗ ዕንባ ሞልቶት ነበር።

«ከየት ነው የሚጀመረው?» አለችኝ። «እኔ ስሞክረው ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ለእኔ ስትልክልኝ የነበረው ምግብ ከራሷ ጉሮሮ የተቀነሰ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁ። ክንዷን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋት።

«በሩን ይዝጉትና ይቀመጡ እትዬ» አልኳት። «እኔም የጀመርኩት በለቅሶ ነው።»